በጀት የተዘጋ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጄን ልጅ ከሕፃናት ማቆያው ልወስድ ሳሪስ ሄጄ ነበር። ልጁን አቅፋ የወጣችው ሞግዚት ፊቷ ጥቁር ብሏል። «ምነው ልጄ?» ብላት፣ «በጀት ተዘግቶ ደመወዛችን አልገባም፣ እማማ» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቱ ቅር አላት፤ አይፈረድባትም። እኔን ያሳቀኝ ግን ችግሯ ሳይሆን «ተዘጋ» የምትለዋ ቃል ናት።

ልጅ እግር ሳለሁ፣ ባቡሩ ገና አቃቂን አቋርጦ ወደ ድሬዳዋ በሚወርድበት ዘመን፣ በቀበሌያችን መዋለ ሕፃናት ሞግዚት ነበርኩ። ቤቱ ሐዲዱ አጠገብ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ልጆቹ የክር ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ናቸው። ጠዋት ቂንጬ እናበላቸዋለን፤ ባቡሩ ሲያፏጭ ግን እንደጎረሱ ወደ አጥሩ ይሮጣሉ። አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ሙሉነሽ ማንኪያ ይዘው ይከተሏቸዋል።

የማን ሠራተኞች እንደነበርን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቀበሌው «የሚከፍላችሁ ፋብሪካው ነው» ይላል፤ ፋብሪካው «መንግሥት ነው» ይላል፤ የመንግሥት የተባለው ቢሮ መልሶ ወደ ቀበሌ ይልከናል። አንዳንድ ወር ደመወዝ፣ አንዳንድ ወር የስንዴ ዱቄትና ዘይት፣ አንዳንድ ወር ምስጋና። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኛ የት እንደምንበላ ስላላወቅን የት እንደምንጮህም ጠፋን። እናቴ ታማ ተኝታለችና ፋብሪካ እንድገባ ትጨቀጭቀኛለች። ልጆቹን ደግሞ እወዳቸዋለሁ። ልቤ ለሁለት ተከፈለ።

ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ ጭቃው ጫማ በሚያስቀርበት ሰሞን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጃንጥላ ይዘው በበራችን ሲያልፉ እትዬ ሙሉነሽ ስለ ደመወዙ ጠየቋቸው። «በጀት ተዘግቷል» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እትዬ ሙሉነሽ አማተቡ።

«ዘጉብን ማለት ነው?» አሉኝ።

እኔም ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ ባይዋ «ዘጉት» አልኩ። ማታ እናቶቹ ሲመጡ ቤቱ መዘጋቱን እያለቀስን ነገርናቸው።

በነጋታው እናቶቹ ቤት አልዋሉም፤ ከፈረቃዋ የቀረች ሥራዋን ታጣለች። ልጆቻቸውን በቀጥታ ቀበሌ ወስደው ሊቀመንበሩ ፊት አስቀመጡና «የዘጋ ይጠብቅ» ብለው ፋብሪካ ገቡ።

ተጠርተን ስንደርስ ሊቀመንበሩ አንዱን በጉልበታቸው፣ አንዷን በክንዳቸው ይዘው ላብ በላብ ሆነዋል። ጠረጴዛው ሥር የገባው ደግሞ ሽንቱን ለቆታል።

«መዋለ ሕፃናቱን ማን ዘጋው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎታ፣ ጓድ ሊቀመንበር። በጀት ተዘጋ አላሉንም?» አሏቸው እትዬ ሙሉነሽ።

«የተዘጋው ሒሳቡ ነው። ቤቱማ ክፍት ነው።»

እትዬ ሙሉነሽ በጣታቸው ቆጠሩ። «ቤቱ ክፍት፣ ሒሳቡ ዝግ። እኛስ ክፍት ነን ዝግ?»

ሊቀመንበሩ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ልጅ አንስተው ሰጡኝና «ሐምሌ ይምጣ፣ አንድ ነገር እናደርጋለን» አሉ። ልጁ አንገቴን አቅፎ «እቴቴ፣ ባቡሩ አመለጠን?» አለኝ። ፋብሪካ የመግባቱን ነገር እዚያው ተውኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐምሌ በጀቱ ተከፈተ። ሊቀመንበሩ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ደመወዝ በየወሩ ይመጣልን ጀመር። ብቻ ሞግዚት የሚባል የሥራ መደብ የለም ተብሎ፣ የተቀጠርነው በጽዳት ነው። እትዬ ሙሉነሽ «የልጅ ቂጥ መጥረግም ጽዳት ነው» ብለው ሳቁ። እኔ ለእናቴ መድኃኒት ገዛሁላት፤ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ግን አላወቅኩም።

ይህን ሁሉ ማቆያው በር ላይ ቆሜ ለልጅቱ ነገርኳት። ኩርፊያዋን ረስታ ሳቀች። «ታዲያ እርስዎም ሞግዚት ነበሩ ማለት ነው?» አለችኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ያሳደግኳቸው ልጆች እቴቴ ይሉኝ ነበር፤ ጡረታ የምበላው ግን በጽዳት ሠራተኛነት ነው። የትኛዋ እንደሆንኩ በዚህ ዕድሜዬም ግራ ይገባኛል።

«አንቺስ ልጄ፣ በምን ነው የተቀጠርሽው?» አልኳት።

ልጁን አፍንጫውን ጠርጋ አቀበለችኝ።

«በጽዳት» አለች።