ክላክስ ሰምቼ ዳር የያዝኩ ቀን

የአክስቴ ልጅ ሃይስኩል ውስጥ ሦስቱንም ተምራለች፤ ስፖርት፣ ጤና፣ መኪና መንዳት። ለስፖርት ማርክ መሰጠቱ ራሱ ይገርመኛል። እኔ ስድስተኛን ጨርሼ ባቆምኩበት ትምህርት ቤት ስፖርት ማለት አስተማሪ ሲቀር ሜዳ ላይ መለቀቅ ነበር። መንዳትን እሷ ከመጽሐፍ ተማረች። እኔን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የአክስቴ ጎረቤት ናቸው። ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተዋል፤ ያቆሙት በቅርቡ ነው። በነፃ ስለሚያስተምሩኝ ቅር ያለኝን ለመናገር አፍ አልነበረኝም። ቢኖረኝም አልናገርም ነበር። ምግብ ቤት ያላዘዝኩት ሲመጣልኝ ዝም ብዬ የምበላ ሰው ነኝ።

መንጃ ፈቃዱን የፈለግኩት ለሥራ ነው። ሎንግ ቢች አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቦታ አግኝቼ ነበር። ሥራው የሚጀመረው ገና ሳይነጋ ስለሆነ በአውቶቡስ አይደረስም። አለቃዋ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አለችኝ። አክስቴ መኪናዋን ልታውሰኝ ተስማማች። የቀረው ፈተናውን ማለፍ ብቻ ነበር።

የጋሼ ችግር ሰው ማወቃቸው ነው። ሌላው ጭር ያለ ቦታ ፈልጎ ያስተምራል፤ እሳቸው ግን ያገራችን ሰው የሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካልሆነ አይሆንላቸውም። ልክ የኦሎምፒክን መንገድ ስንሻገር አንዱ ያያቸውና ክላክስ ያደርጋል።

«ዳር ያዢ፣ ዳር ያዢ» ይሉኛል።

ፍሬቻ አሳይቼ ዳር እይዛለሁ። ክላክስ ያደረገውም አጠገባችን ይቆማል፤ መስኮት ይወርዳል።

«አለህ እንዴ? ሞቷል ብለውኝ ነበር እኮ» ይላሉ ጋሼ።

«ታዲያ ለቀብሬ ሳትመጣ ቀረህ?» ይላል ሰውየው። «ደግሞ ሾፌር ቀጥረሃል!»

ከዚያ የጉልበት ሕመም፣ የልጆች ነገር፣ ኖርዝ ሆሊውድ ገብቶ የጠፋ ወዳጅ። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ እጠብቃለሁ። እንነሳለን፤ ሁለት ሱቅ ሳናልፍ ሌላ ክላክስ። አንድ ሰዓት ተማርኩ ብዬ ስገባ የነዳሁት ሩብ ሰዓት አይሞላም። ዳር መያዝ ላይ ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ መጽሐፏን አገላብጣ «ሰላምታ የሚባል ምዕራፍ የለውም» አለችኝ። «ሶ፣ ዝም ብለሽ ኖ በያቸው።»

«ጋሼን?»

«ኦኬ፣ እንግዲያው ቁሚ።»

ለመጀመሪያው ፈተና ስቀርብ ፈታኟ አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀቷ ላይ ትጽፋለች። ጥሩ እየነዳሁ ነበር። ከኋላችን አንድ መኪና ክላክስ አደረገ። እግሬ ሳያማክረኝ ፍሬን ያዘ። ፍሬቻ አሳየሁ፣ መስታወት አየሁ፣ በጥንቃቄ ዳር ያዝኩ። የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ።

ለምን እንደቆምኩ ጠየቀችኝ። የሚያውቅሽ ሰው መስሎኝ ነው ልላት አስቤ ነበር። ጣለችኝ።

ጋሼ ሲሰሙ በጣም ተናደዱ። በእሷ ነው የተናደዱት። «ሰው ክላክስ ሲያደርግ ዝም ብሎ ማለፍ ነው እንዴ? ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው?»

ጥርሴን ነክሼ «እሺ ጋሼ» አልኩ።

ሁለተኛው ቀጠሮ የወሩ የመጨረሻ ቀን ላይ ደረሰኝ። ያን ቀን ከወደቅኩ ሥራው የለም። ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ደግሞ፣ እንደ ልማዳችን፣ ፌርፋክስ ላይ ነን። ከፊት ለፊት የምትመጣ ነጭ መኪና ሁለቴ ክላክስ አደረገች። ጋሼ እጃቸውን በመስኮት አወጡ።

«ዳር ያዢ።»

«አልቆምም ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«ነገ ፈተና አለኝ። አልቆምም።»

ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም፤ መንገዱን ብቻ እያየሁ ነዳሁ። ወደ ፒኮ ጎዳና ታጠፍኩ። አንዴም ዳር ሳልይዝ ሮበርትሰን ስደርስ ያን ያህል ርቀት ሳልቆም ስነዳ የመጀመሪያዬ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ስልካቸው ጠራ። የነጯ መኪና ባለቤት ነው።

«ኧረ አልተቀየምኩህም» አሉት። «እኔ ተሳፋሪ ነኝ። ሾፌሯ ናት አላቆምም ያለችው።» ትንሽ አዳመጡና «አዎ፣ ይቺው ዝምተኛዋ» አሉ።

ይቅርታውን ተውኩት።

በማግስቱ መብራት ላይ ነበርኩ። አረንጓዴው ሲበራ ትንሽ ዘግይቼ ኖሮ ከኋላ ክላክስ ተደረገብኝ። ግራ እጄ ወደ ፍሬቻው ሄደች፤ መለስኳት። ነዳሁ። ስንመለስ ፈታኙ፣ የአሁኑ ወንድ ነበር፣ ማለፌን ነግሮኝ ወረቀቱን ሰጠኝ።

ጋሼ ውጭ ሊጠብቁኝ ተስማምተን ነበር። ለካ ከመሥሪያ ቤቱ ጥበቃዎች አንዱ ያገራችን ሰው ኖሯል፤ አጥሩ ሥር ቆመው ይጫወታሉ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ለአለቃዋ ደወልኩ። ሰኞ ነይ አለችኝ። ለአክስቴም ደወልኩ። ጋሼ አልጨረሱም። በሰው ፊት ስማቸውን ጠርቼ ለመጮህ አፈርኩ፤ አጠር አድርጌ አንድ ጊዜ ክላክስ አደረግሁ።

ዞር ሳይሉ እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉኝና ጨዋታቸውን ቀጠሉ።