ልጄ ለምክር ቤት አባሏ አቤት ያለች ሰሞን

ልጄ የአሜሪካ ጦር ውስጥ የሄሊኮፕተር መካኒክ ናት። ካምፗ ከእኛ በስተደቡብ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ስለሆነ፣ እረፍት ስታገኝ አውሮራ ከተማ እኛ ዘንድ ትመጣለች። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ እየበላን ሳለ፣ "ዳዲ፣ አንድ ነገር ሳይን አድርጌያለሁ" አለችኝ።

እናቷ ቤት የገዛች መስሏት ፊቷ በራ። "የት ሰፈር? ሴንቴኒያል ከሆነ ጥሩ ነው" አለች።

"ቤት አይደለም ማሚ። ስለ ጦርነቱ ነው።"

ከዚያ አስረዳችን። እሷና ሌሎች በአገልግሎት ላይ ያሉ ወታደሮች በየአካባቢያቸው ላሉ የምክር ቤት አባላት አቤቱታ አቅርበዋል። አገሪቱ የገባችበት ጦርነት ምክር ቤቱ በግልጽ ሳይከራከርበትና ድምፅ ሳይሰጥበት አይቀጥል፣ የሚቆምበትም መንገድ ይፈለግ ነው የሚሉት። ከእሷ የጦር ክፍል ብዙ ሰው ዘምቷል፤ እሷም ተራዋን ትጠብቃለች። የመራጭነት አድራሻዋ የእኛ ቤት ስለሆነ የእኛው የምክር ቤት አባል ቢሮ ለሐሙስ ቀጠሮ ሰጥቷታል።

"አንተም ና" አለችኝ። "ከፈለጋችሁ ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ ብለውናል።"

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። "አለቆችሽ ያውቃሉ?"

"ሊጋል ነው ዳዲ። በእረፍት ሰዓቴ፣ ዩኒፎርም ሳልለብስ እስከሄድኩ ድረስ መብቴ ነው። ሕጉን አንብቤዋለሁ።"

"አንቺ አንብበሽዋል። አለቃሽስ አንብቦታል?"

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

እኔም አገር ቤት ሳለሁ ወታደር ነበርኩ። ለብሔራዊ ውትድርና ተይዤ ወደ ሰሜን ስላክ ጢሜ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። አንድ ሰሞን ውሃ አጠረን፤ ቁስለኞቻችንን የሚወስድ መኪና ቀረ። ወታደሩ እርስ በርሱ ተመካከረና ሦስት ሰዎች መርጦ ወደ አዛዡ ላከ። አንደኛው ከእኔ ጋር አንድ ብርድ ልብስ የሚጋራ የጅማ ልጅ ነበር። ቀበቶውን አጥብቆ፣ ጫማውን በጨርቅ ጠርጎ ሄደ። የጠየቁት ነገር ቀላል ነው፤ ቁስለኞቹ ይነሱ፣ ያለንበት ሁኔታ ለበላይ ይነገርልን ነው ያሉት። በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም በካሚዮን ጭነው ወሰዷቸው። አዛዡ እኛን ሰብስቦ፣ "ሌላ ጥያቄ ያለው አለ?" አለን። ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲያ የሦስቱን ወሬ የሰማ የለም።

ይህን ለባለቤቴ ሱዳን በስደት ሳለን ነግሬያታለሁ። ለልጄ ግን ትንሽ ናት እያልኩ ሳልነግራት አደገች። ከምሳ በኋላ ልጅቷ ወደ ካምፕ ስትመለስ ለባለቤቴ፣ "እከለክላታለሁ" አልኳት።

"ብትከለክላትም መሄዷ አይቀርም" አለችኝ። "የምትሄደው ግን ብቻዋን ነው።"

ስለዚህ የሐሙሱን ፈረቃዬን ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ተቀያየርኩ። የምሠራው ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ ላይ ነው።

ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪም ክሊኒክ በላይ ነበር። በር ላይ የታጠቀ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት አንድ ሶፋና የመጠጥ ውሃ ነው። ልጄ እናቷ የተኮሰችላትን ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች። ከእሷ ሌላ አንድ ረጅም ሃምሳ አለቃ ከሚስቱ ጋር መጥቷል። የምክር ቤቱ አባል ዋሽንግተን ስለነበሩ ያነጋገረችን ረዳታቸው ናት። ወሯ የገባ እርጉዝ ነበረች፤ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ለመቀመጥ እንኳ ትቸገራለች።

ሃምሳ አለቃው በአጭሩ ተናገረ። ልጄ ቀጠለች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው፤ ድምጿ አይንቀጠቀጥም።

"ትእዛዝ አንቀበልም አላልንም" አለች። "ሂዱ ካላችሁን እንሄዳለን። ግን የምትልኩን እናንተ ናችሁና፣ ለምን እንደምትልኩን ተከራከሩበት፤ ድምፅ ስጡበት። እኔ በጠገንኩት ሄሊኮፕተር የሚሳፈሩትን ሰዎች በስማቸው ነው የማውቃቸው።"

ረዳቷ ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለችና እኔን አየችኝ። "ሌላ መናገር የሚፈልግ አለ?"

ለመናገር አልመጣሁም ነበር። እንግሊዝኛዬም ስደነግጥ ይጠፋብኛል፤ ያን ቀን ግን አልጠፋኝም። ስለ ሦስቱ ሰዎች ነገርኳት። ስለ ቁስለኞቹ፣ ስለ ካሚዮኑ፣ ከዚያ በኋላ ስለቀረነው ሰዎች ዝምታ ነገርኳት። ልጄን ላለማየት ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተክያለሁ። በመጨረሻ፣ "እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ነገ ምን ይሆናሉ?" አልኩ።

ረዳቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ለእኛ ስለተናገሩ እንዲቀጡ ሕጉ አይፈቅድም" አለችኝ። "አንድ ነገር ቢደርስባቸው ግን እርስዎ ለእኔ ይደውሉልኝ። መከታተል የእኛ ሥራ ነው።" ካርዷን ሰጠችኝ። ተቀብዬ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ ልጄ ክንዴን ያዘች። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ?"

መኪናው ጋ እስክንደርስ ክንዴን አልለቀቀችም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ኤርፖርት መንገደኞች እየጫንኩ ሳለ ቴክስት ላከችልኝ። "ሻምበሌ ይፈልገኛል። ስጨርስ እደውላለሁ" ይላል። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። መታጠፊያውን አለፍኩት። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ፣ "ሆቴላችን በዚያ በኩል መሰለኝ" አሉኝ በትሕትና። ይቅርታ ጠይቄ ዞርኩ። ሰዎቹን አውርጄ፣ ሻንጣቸውን አስረክቤ፣ ከሆቴሉ ጀርባ ፓርክ አደረግኩ። የረዳቷን ካርድ አውጥቼ በእጄ ይዤ እጠብቅ ጀመር። ስልኩ ሲጮኽ ካርዱ ከእጄ ወደቀ።

"ዳዲ?"

"የት ነሽ?"

"ሥራ ቦታ ነኝ። ሃንጋር ውስጥ፣ ሄሊኮፕተሮቹ ጋ።"

"ምን አለሽ?"

"ዩኒፎርም ለብሰሽ ነበር ወይ አለኝ። ኖ አልኩት። በሥራ ሰዓት ነበር ወይ አለኝ። አይደለም አልኩት። እንግዲያው መብትሽ ነው አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ያ ዘይት የሚያንጠባጥበው ሄሊኮፕተር መቼ ነው ተጠግኖ የሚያልቀው አለኝ።"

"በቃ?"

"በቃ፣ ዳዲ። አሁን ልሥራበት።"

ስልኩን ዘግቼ ግንባሬን መሪው ላይ አስደገፍኩ። የሳቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ፊቴን ስነካው እርጥብ ነው። ስንት ዓመት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነስቶ እንደሄደ ያህል አየሩ ወደ ውስጥ ገባልኝ። ሆስፒታል ወጥ ቤት የምትሠራው ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። የሰማሁትን ሁሉ ሳላስቀር ነገርኳት። "ተመስገን" አለችና፣ "ቁርስ በልተሃል?" ብላ ጠየቀችኝ። አልበላሁም ነበር። ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጋ ቆሜ እንቁላል ፍርፍር በዳቦ አዘዝኩ፤ አንድም ሳላስቀር በላሁት።

ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ የእኛ ተወካይ፣ ልጆቹ እንደጠየቁት፣ ጦርነቱ ይቁም ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ነገር ግን ተሸነፉ። ጦርነቱ እስካሁን አልቆመም። ከልጄ ክፍል የዘመቱት ግን ከፋሲካ በፊት በሰላም ተመለሱ፤ የእሷም ጉዞ ተሰረዘ። በአቤቱታው ይሁን በሌላ ምክንያት የነገረን የለም። ይቀርባታል ብዬ የፈራሁት ማዕረግም በጊዜው መጣ። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ሻምበሏ እኔንና እናቷን ጨብጦ፣ እጇ ወርቅ ነው አለን።

ባለፈው ቅዳሜ ቤት መጥታ የመኪናዬን ዘይት ስትቀይር አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከመኪናው ሥር ሆና ስለ ጅማው ልጅ ጠየቀችኝ፤ ስሙ ማን ነበር? ዘፈን ይችል ነበር? እናት ነበረችው? የማውቀውን ነገርኳት። የማላውቀውን አላውቅም አልኳት። በአማርኛ ነበር የምትጠይቀኝ፤ ቃል ሲጠፋት ቆም ብላ እየፈለገች።

ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ አገጯ ላይ ዘይት ነበር። እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ "እስቲ አስነሳው" አለችኝ፤ ገብቼ አስነሳሁት።