ትራሙ በር ላይ የሚቆሙት አያታችሁ

ልጆቼ፣ ስለ ቲቤቷ አያታችሁ፣ ስለ አባታችሁ እናት አጫውቺን ካላችሁኝ ሰነበተ። እንግዲህ እኔ ላውራ፣ እናንተ ጻፉ።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ እዚህ ዙሪክ ዜባህ ፌርማታ ላይ ትራም ሲመጣ በሩ አጠገብ ይቆሙና በጀርመንኛ «ቢተ፣ ቢተ»፣ እባክዎ ይቅደሙ፣ እያሉ ሰዉን ሁሉ ያስቀድሙ ነበር። የሰው ውሻ እንኳ ሳይቀር። አንድ ጠዋት ጄኔቫ ያለው ወንድሜ ሊሞት ነው ተብዬ ስነሳ ሊሸኙኝ ወጡ። እንደ ልማዳቸው ሲያስቀድሙ ትራሙ ዘግቶብን ሄደ፤ የጄኔቫው ባቡርም አመለጠኝ።

«እርስዎ ዓለም ሁሉ ገብቶ እስኪያልቅ ሊቆሙ ነው?» አልኳቸው በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛችን።

«አዎ» አሉኝ። «በእኛ እምነት ቦዲሳትቫ የሚባሉ አሉ። የዕረፍቱ በር ላይ ደርሰው፣ ፍጥረት ሁሉ ሳይገባ እኛ አንገባም ይላሉ። እኔ በትራም እለማመዳለሁ።»

«ታዲያ በወንድሜ ነው የሚለማመዱት?»

ክፉኛ ደነገጡ። በሚቀጥለው ባቡር አብረውኝ ተሳፈሩ። ወንድሜ ሰርቬት በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር፣ ቤቱ ውስጥ፣ በሕይወት ጠበቀኝ። እስኪያርፍ ሦስት ቀን እሳቸው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው «አንቺ ቀድመሽ ተኚ» ይሉኝ ነበር።

ዛሬ ትራም ሲመጣ ሰዉ ተጋፍቶ ይገባል፤ «ቢተ» የሚል የለም። እኔም ያቺን የበሩን ጥግ እያየሁ እቀራለሁ።

አባታችሁ የነገረኝ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በቀደም ነው። ያን ወደ ጄኔቫ የሄድን ዕለት ከሰዓት አያታችሁ ለወራት የጠበቁት የዓይን ኦፕራሲዮን ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ነበራቸው። ተራዬን ለሌላ ሰው ስጡልኝ ብለው ነው እኔን የተከተሉኝ።