የፊኛው አንገት

ሰፈራችን ውስጥ «ጋሽ ፊኛ» የማይለው ሰው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከአየር ትንበያ ጣቢያው ፊኛ ወደ ሰማይ ሲሰድ ኖሯል። ለሠርግ የሚነፋው ዓይነት እንዳይመስላችሁ! ሲሞላ ሰው ያክላል፤ ላይ ሲደርስማ ተነፍቶ ተነፍቶ ቤት ይሆናል። ጋሽ ፊኛ ጎማውን በባዶ እጁ ነክቶት አያውቅም፤ የእጅ ወዝ ያሳሳዋላ። በነጭ ጓንት እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚያቅፈው። ጋዝ የሚገባበት የፊኛው አንገት ላይ ብረት ያንጠለጥላል፤ ፊኛው ብረቱን ብድግ ሲያደርግ ጋዙ በቃው ማለት ነው። ያን ጊዜ አንገቱን አጥፎ በሲባጎ ጥርቅም! ሲባጎው ላይ የሰማዩን ብርድና ነፋስ የሚለካ መሣሪያ፣ ሲወድቅ ከምታዘገየው ትንሽ ጃንጥላ ጋር ይንጠለጠላል።

ይህን ሁሉ ለሚስቱ ወንድም አስተማረው። ሥራ ያስገባውም እሱ ነው።

አንድ ቀን አለቃቸው፣ «መደቡ ታጥፎ ለአንድ ሰው ሆኗል፤ ፊኛው ከፍ ያለለት ይቀራል» አላቸው። በፈተናው ማለዳ መጋዘኑን የከፈተው አማቹ ነበር።

«እንካ ጋሼ፣ ከአዲሱ ካርቶን ነው። የኔም ከዚያው ነው።»

«ተባረክ።»

ሌላ ቀን ቢሆን የፊኛው አንገት ላይ የታተመውን ዓመት ሳያነብ አይሞላም፤ ያረጀ ጎማ የላዩን ብርድ አይችልማ። ግን የዘመድ እጅ ይፈተሻል እንዴ?

የሱ ፊኛ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ፈነዳ። የአማቹ ሠላሳን አለፈ። በቃ፣ ጋሽ ፊኛ ተሰናበተ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። መሣሪያውን ፍለጋ በእግሩ ቢሄድ፣ ጡብ ፋብሪካው ጀርባ በትንሿ ጃንጥላ ተጠቅልሎ አገኘው። ሲባጎው ጫፍ ላይ የፊኛው አንገት ቀርቷል። አነበበው፤ ስምንት ዓመት ያለፈው! አዲሱ ካርቶን የዘንድሮ ነበር።

አማቹ ፊት ዘረጋው።

«ጋሼ... ልጆች አሉኝ እኮ።»

«የኔዎቹስ? አጎታቸው አንተ አይደለህ?»

ለአለቃውም አሳየ። «ደብዳቤው ወጥቷል፤ የቤተሰብ ነገር ቤታችሁ ጨርሱ» ተባለ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ብርቱ ነፋስ ተነሣ። አማቹ ሁለት ፊኛ አጥር ላይ ቀዶ፣ በምሳ ሰዓት ወደ ጋሽ ፊኛ ቤት እየሮጠ መጣ። በሩን እህቱ ከፈተች።

«ጋሼ አለ? በነፋስ እንዴት እንደሚለቀው ልጠይቀው ነበር።»

«ባለሙያው አንተ አይደለህ? ምን ያስሮጥሃል!»

ጋሽ ፊኛ ከውስጥ ምሳው ላይ ሆኖ ይሰማቸዋል። መልሱ ቀላል ነው፦ ከነፋሱ ጋር እኩል ሩጥ፣ ፊኛው አናትህ ላይ ቀጥ ሲል መሣሪያውን ልቀቅ። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋውና እንጀራውን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ።