ደብዛዛዋ መስመርና የእህቴ ሰርግ

ኮሮና አገራችን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ታናሽ እህቴ ቤዛ ተዳረች። እኔ ሰርጓ ላይ አልነበርኩም። ተጣልተን ወይም አገር ጥዬ ሄጄ አይደለም፤ እዚያው ነፋስ ስልክ በእናታችን ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ነገሩ ይነሳብኛል። እኔም በተነሳ ቁጥር መልሴ ያው ነው።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። እህቴ የኪራይ ቬሎ አትለብስም ብዬ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ዳንቴሉን አንድ በአንድ በእጄ ነው የሰፋሁት። ያንን ልብስ ለብሳ አዳራሽ ስትገባ ለማየት የነበረኝን ጉጉት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ለሰርጉ ከዱባይ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ሊዲያ የኮሮና መመርመሪያ ይዛ መጥታ ነበር፤ ያንን ቤት ውስጥ ራስ በራስ የሚደረገውንና በሩብ ሰዓት ውጤት የሚያሳየውን። አምጪልኝ ብላ የለመነቻት ቤዛ ናት። የሙሽራው አባት ጋሽ ወልዴ ኩላሊታቸውን ታመው እጥበት ላይ ነበሩ። ሐኪሙ ከሰው ይራቁ ቢላቸውም «የልጄን ሰርግ ሳላይማ አልቀርም» ብለው ድርቅ አሉ። ስለዚህ እሳቸው አጠገብ የምንቀመጥ ሁሉ በዋዜማው እንድንመረመር ተስማማን።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ተሰብስበን አፍንጫችንን ስንጎረጉር ያየን ሰው በሳቅ ይሞት ነበር። መመሪያው በአማርኛ አልተጻፈም። አጎቴ ጋሽ ተፈራ ጠብታውን ቀዳዳው ውስጥ በመጨመር ፈንታ ውጤቱ የሚታይበት ቦታ ላይ አፈሰሱት። እናቴ ጥጥ ያለበትን እንጨት የአፍንጫዋን ጫፍ ብቻ አስነክታ «በቃ፣ ገብቷል» አለች። ሊዲያ ሁለቱንም እንደ አዲስ አስጀመረቻቸው። የሁሉም አንድ መስመር ብቻ አሳየ። ነጻ ናችሁ ማለት ነው።

የእኔው ላይ ግን ሁለተኛ መስመር ወጣች። በጣም ደብዛዛ ናት። መስኮት ጋ ወስጄ ዘንበል ካላደረግኩት አትታይም።

«ይሄማ ጥላ ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ እየመለሱ።

«እኔ ምንም አይታየኝም» አለች እናቴ።

መመሪያው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየኋቸው። ደበዘዘችም ደመቀችም፣ ሁለተኛ መስመር ካለች በሽታው አለ ማለት ነው። ጉሮሮዬንም ከጠዋት ጀምሮ ይከረክረኝ ነበር። የጨርቅ ብናኝ ነው ብዬ ንቄው ነበር።

ሊዲያ የቀረውን አንድ መመርመሪያ ሰጠችኝና ደገምኩ። በዚህኛው አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ጋሽ ተፈራ «አንድ ለአንድ! የሚቆጠረው የኋለኛው ነው!» አሉ።

እኔን ግን እልልታው አልገባኝም። ሊዲያን ወደ ጓዳ ጠርቼ «እውነቱን ንገሪኝ፣ የትኛውን ልመን?» አልኳት። እሷን ዱባይ አሠሪዎቿ በየጊዜው ያስመረምሯት ነበር።

«አብራኝ የምትሠራ ልጅ የለብሽም ተብላ በማግስቱ አልጋ ላይ ወደቀች» አለችኝ። «የለም ሲል ሊያመልጠው ይችላል። አለ ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ አለ።»

ሳሎን ተመልሼ «እኔ ነገ አዳራሽ አልሄድም» አልኩ።

እናቴ ብድግ አለች። «ሰው ምን ይላል? ታናሿ ስለቀደመቻት ቀናች ነው የሚሉት!»

ይህን ከእሷ አፍ መስማቴ አመመኝ። «ይበሉ» አልኳት። «ጋሽ ወልዴን ገደለቻቸው ከሚሉኝ ቀናች ይበሉኝ።» ጓሮ ወዳለችው ሰርቪስ ክፍል ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። እናቴ እያንኳኳች ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ አለቀሰች። ጋሽ ተፈራ «ከእንግዲህ ዘመድ አለኝ እንዳትይ» አሉ። አልከፈትኩም።

እሁድ ጠዋት ሚዜዎቹ ቬሎውን ሲያለብሷት የጀርባው ማሰሪያ አልገጥም አላቸው። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ዘዴውን ሌላ ሰው አያውቀውም። ቤዛ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ጓሮ መጣችና ለመስኮቴ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ በስልክ «ከታች ጀምሪ፤ መጀመሪያ የውስጡን» እያልኩ አንዷን ሚዜ መራኋት።

ሲያልቅ ቤዛ ዞረች። እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም።

«እህቴ፣ ክፈቺና አንዴ ሳሚኝ።»

«አልከፍትም።»

«እኔ ግድ የለኝም እኮ!»

«እኔ ግድ አለኝ። ዛሬ ከጋሽ ወልዴ ጎን ነው የምትቀመጪው።»

እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና ሄደች። የመኪናው ጡሩንባ ሰፈሩን አልፎ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት። ከዚያ ግቢው ጭር አለ፤ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሽታ ጠፋብኝ። ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቄ አፍንጫዬ ሥር ባደርገውም ምንም የለም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ናሙና ሰጠሁ፤ የላቦራቶሪው ውጤት ኮሮና አለብሽ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ በትኩሳት ተኛሁ። ጋሽ ወልዴ ደህና ነበሩ።

ታዲያ ይቅርታ የጠየቀኝ አለ? የለም። እናቴ ደጃፌ ላይ ሾርባ አስቀምጣ «አንቺ ግትር» ብላኝ ሄደች። በቅርቡ የቤዛ ልጅ ክርስትና ላይ ጋሽ ወልዴ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ተቀምጠው ሳለ፣ ጋሽ ተፈራ ሰው ሁሉ እየሰማ «ያን ጊዜ ብትመጪም እኮ ምንም አይሆኑም ነበር» አሉኝ።

«ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። «ግን በማን ላይ ነበር የምንሞክረው?»

እሳቸው ወደ ሳህናቸው ዞሩ። ቤዛ ብቻ ከጠረጴዛው ማዶ አየችኝ።

የሰርጉን ቪዲዮ እስከ ዛሬ ጨርሼ አይቼው አላውቅም። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ አጠፋዋለሁ። ይቆጨኛል፤ አልዋሽም። በሩን ባለመክፈቴ ግን አልጸጸትም።