ልጄ ስትፈተን ወፍጮው ቆመ

ዛሬ አጋሮ ገበያ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት በእኔ ልመና ሥራ አቆመ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እንኳ የሚያሳፍረኝ ሴት ነኝ እኮ!

ትንሿ የግል ዩኒቨርሲቲያችን ከወፍጮው ጀርባ ናት። ልጄ ሰናይት ዛሬ የመመረቂያ ጥናቷን ለመምህራኗ ታቀርባለች። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነው፤ ወፍጮው ከተነሳ እንኳን መምህር፣ አጠገብህ ያለ ሰውም አይሰማህም።

አባቷ ሲሞት ከስምንተኛ ክፍል አስወጥቼ ሱቅ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ወደ ትምህርት የተመለሰችው የሦስት ልጆች እናት ሆና ነው። ዛሬ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ከድር፣ ልጄ እስክትጨርስ አጥፋልኝ» አልኩት ባለወፍጮውን።

«ቶሌ አዴ፣ እሺ። ግን ወረፋ የያዙትን ይጠይቁ።»

እህል ይዘው የቆሙት ሴቶች አጉረመረሙ። አንዷ ግን «ኧረ አጥፋው! እንጀራው ነገ ይደርሳል» አለች።

ወፍጮው ጸጥ ሲል የሰናይት ድምፅ በዩኒቨርሲቲው መስኮት ጥርት ብሎ ወጣ። ስለ ቡና ለቃሚ ሴቶች ስትናገር ወረፋው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሰማ።

ውሃ ልትጠጣ ዝም ስትል ግን ያለቀ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት! ከድርም እልልታውን ሰምቶ ወፍጮውን አስነሳ።

ሰናይት በመስኮት ብቅ አለች። «እማዬ! ገና አልጨረስኩም!»

ከኋላዋ መምህራኑ ይስቃሉ።

አልፋለች። ስትወጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በገበያ ቀን ሱቁን ማን ከፈተ?» ብላ ነው።

«ዝግ ነው» አልኳት። እጄን ያዘችኝ።

እናንተስ፣ ሳያልቅ እልል ብላችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።