ለሮማኑ ፍሬ የተተወ ቦታ

ዕፅዋት መሳል ለማስተምራቸው ሴቶች በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። የአንድ ተክል አበባ፣ ቅጠልና ፍሬ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ይሳላሉ፤ ዛፉ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አይሰጥም። ስለዚህ አበባው ሲወጣ አበባውን ትስላላችሁ፤ ለፍሬው በእርሳስ ስስ ክብ ሠርታችሁ ቦታ ትተዋላችሁ፤ ፍሬው ሲደርስ ተመልሳችሁ ክቡን ትሞሉታላችሁ። ያላያችሁትን አትሳሉ። ይህቺን የመጨረሻዋን ከመደጋገሜ የተነሳ ሴቶቹ ገና አፌን ስከፍት ይቀድሙኝና ይስቃሉ።

ሥራዬ ከወቅት ጋር የሚሄድ ነው። በበልግና በመስከረም ሥዕል አስተምራለሁ፤ ክረምት ላይ አትክልት መትከልና መግረዝ፤ ጥር ሲቃረብ ደግሞ ሠርጉ ስለሚበዛ አበባ ማሰናዳት። የተወለድኩት ሐረር፣ ከግንቡ ውጪ ነው፤ ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው እዚሁ ከቀሩት ክርስቲያኖች ናቸው። የማስተምረው ግን በግንቡ ውስጥ፣ ጁገል፣ በኤረር በር ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የቆየ የሐረሪ ቤት ግቢ ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በየዓመቱ ኖራ ይቀባል፤ መሃሉ ላይ ጣሪያው ድረስ የደረሰ የሮማን ዛፍ አለ። አፈራችንን ከድሬ ጠያራ በጆንያ እናስመጣለን። ባጃጁ በዚያ ቀጭን መንገድ ስለማይገባ ከበሩ ጀምረን በየተራ እየተሸከምን፣ እያማረርን እናስገባዋለን።

የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። በሐረር እንዲህ ያለችን እናት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አዴ» ስለሚል እኔም አዴ ነበር የምላቸው። ግቢውን የፈቀዱልን ለእኛ አዝነው ሳይሆን ቀኑ እንዲያልፍላቸው ይመስለኛል። ደረጃው ላይ ትራስ ተደግፈው ይቀመጡና ያሾፉብናል። «የሰው ሴት ቅጠል ቀቅላ ልጆቿን ታበላለች፤ እናንተ ቅጠል ፊት ተገትራችሁ ትውላላችሁ» ይሉናል። ከዚያ አንድ መስከረም፣ ምን እንደታያቸው አላውቅም፣ እጃቸውን ዘረጉና «እስቲ ያንን ብሩሽ አምጪው» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ብሩሹን ከእጃቸው ማስጣል አልተቻለም።

አዴ ዕድሜያቸውን ሁሉ የአለላ ስፌት ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። የትልቁ ክፍላቸው ግድግዳ እሳቸው በሰሯቸው ስፌቶች የተሞላ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ በግራ ያለው ቀለም በቀኝም አለ፣ አንዲት አለላ አትበልጥም አታንስም። ሥዕላቸውም እንዲሁ ሆነ። በግራ ሦስት ቅጠል ካለ በቀኝም ሦስት ይሆናል፤ ዛፉ ያለው ጉዳያቸው አይደለም። ትል የበላው ቅጠል በእሳቸው ወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። እኔ ደግሞ ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ።

«አዴ፣ ይሄ ቅጠል እኮ ተበልቷል» እላቸዋለሁ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያዩትን ለምን አይስሉም?»

«ትል መብላቱ አንሶ እኔ ደግሞ በሰው ፊት ላዋርደው?» ይላሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ሴቶቹ በሳቅ ይሞታሉ፤ እኔ ፊቴን አዙሬ እብሰለሰላለሁ። እንዲህ ስንጨቃጨቅ ዓመታት ሄዱ። አሁን እንደዚያ አድርጎ የሚያናድደኝ ሰው የለኝም፤ ብሩሾቹን ሳጥብ አንዳንዴ በዚህ ብቻ አለቅሳለሁ።

አንድ መጋቢት ላይ አዴን እህል አልወርድ አላቸው። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው የእኔ እኩያ ናት፤ ፈረስ መጋላ የጨርቅ ሱቅ አላት። እሷ ናት ሐኪም ቤት ስታመላልሳቸው የከረመችው። ውጤቱ ሲመጣ ሱቋ ድረስ አስጠራችኝ። ገበያተኛ እያለ ምንም አላለችም። ሰዉ ሲወጣላት በጨርቅ ጥቅልል ላይ ተደግፋ፣

«ከክረምቱ አታልፍም አሉኝ» አለች። «እሷ ግን አታውቅም። ጨጓራ ነው፣ ለመስከረም ይሻልሻል ብያታለሁ። አደራሽን። ወላሂ፣ ካወቀች ያን ቀን ነው የምትሞትብኝ።»

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እኔም አባቴን የቀበርኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም፣ ቤተሰቡ ይሸከመዋል። ቃሌን ሰጠኋት። ከሱቁ ወጥቼ በታክሲዎቹ መሃል ስሄድ ግን፣ ከእንግዲህ አዴን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ እንዴት እንደማስተምራቸው ጨነቀኝ።

ሚያዝያ ላይ ሮማኑ አበበ። ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ አዴም ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ግድግዳውን ይዘው መጡ። አበባውን ሣሉ። ቅጠሉንም እንደ ልማዳቸው ግራና ቀኝ እኩል አድርገው ሣሉ፤ ያን ቀን አልተናገርኳቸውም። ከዚያ ያ የማይቀረው ሰዓት ደረሰና «አሁን ለፍሬው ቦታ ተዉ፤ መስከረም ላይ ትሞሉታላችሁ» አልኩ።

«ምን ያህል ልተው?» አሉኝ አዴ።

«ጡጫዎን ያህል።»

ጡጫቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት። አጥንት ብቻ ሆኗል። ትንሽ አዩትና «የእኔስ ከስቷል፤ ሮማኔ እንዲህ ትንሽ አይደለም። ያንቺን አምጪው» አሉ። እጄን ይዘው ወረቀቱ ላይ አሳረፉትና በጡጫዬ ዙሪያ በእርሳስ አሰመሩ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር።

«ለመስከረም ትሞዪዋለሽ፣ ኢንሻ አላህ» አለቻቸው።

«ኢንሻ አላህ» አሉ፣ ወደ ልጃቸው ፈገግ ብለው። እኔ የብሩሽ ውሃ ልቀይር ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ ውሃው ገና ንጹሕ ነበር።

ግንቦትና ሰኔ በዚህ የመስከረም ወሬ አለፉ። ልጅየዋ በየቀኑ ስለ መስከረም ታወራለች፤ መስከረም ላይ ድሬዳዋ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳሉ፣ መስከረም ላይ ግቢው እንደገና ይቀባል። አዴም «የግድግዳው ቀለም ደግሞ አረንጓዴ ይሁን» ብለው ይጨምሩበታል። እኔ በመሃላቸው ተቀምጬ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። ቤቴ ስመለስ ማንም ሳይነካኝ ሰው እሰድባለሁ፤ ባለቤቴ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ገባውና ተወኝ።

ሐምሌ ላይ አዴ ከመደባቸው መነሳት አቃታቸው። እኛ ግቢው ውስጥ ችግኝ ስንተክል በተከፈተው በር እያዩ «ያቺን ምን ነካት፣ ቀብራው ነው እንዴ?» እያሉ ይቆጣጠሩን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጃቸው ሱቋ ሳለች፣ ጠሩኝ።

«በሩን ገርበብ አድርጊው» አሉኝ። ከፍራሻቸው ሥር የሮማኑን ሥዕል አወጡ። ክቡ ተሞልቷል።

ፍሬው ቀልቷል፤ አንድ ጎኑ ተሰንጥቆ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ይታያሉ። ከአጠገቡ ሚያዝያ ላይ ያልነበረ ቅጠል ተጨምሯል፤ ጫፉን ትል በልቶታል። በወረቀቱ ላይ ካሉት ቅጠሎች ሁሉ ጥንድ የሌለው እሱ ብቻ ነበር። ውጪ፣ ዛፉ ላይ፣ ሮማኑ ገና አረንጓዴ ነው።

«አዴ፣ ያላዩትን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው የኖርኩትን ዛፍ ነው ያላዩት የምትዪኝ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዘንድሮውን ግን አላየውም። የታመምኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ፤ እናንተ አይደላችሁም። ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

«ለልጄ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «ደብቄያታለሁ ብላ ነው ጠዋት ተነስታ የምትስቅልኝ። እሱን ከወሰድኩባት ምን ይቀራታል? ሥዕሉን ይዘሽው ሂጂ፤ እዚህ ካገኘችው ይገባታል።» ከዚያ የተበላውን ቅጠል በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይኸው፣ ስትጨቀጭቂኝ ለኖርሽው» አሉኝ።

ሥዕሉን በሻሽ ጠቅልዬ ወጣሁ። እናት ለልጇ ስትል፣ ልጅም ለእናቷ ስትል፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ተደባብቀው ይኖሩ ነበር፤ ሁለቱም አደራቸውን የጣሉት እኔ ላይ ነው። እንደዚያ ክረምት ከብዶኝ አያውቅም። ተቃቀፉና አልቅሱ፣ ይውጣላችሁ ብዬ ልጮህባቸው ስንቴ በሩ ላይ ደርሼ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ነሐሴ ሲያልቅ አዴ አንድ ማለዳ አረፉ፤ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላም ተቀበሩ። እኔ ከለቀስተኛ ሴቶች ጋር ቤት ውስጥ ነበርኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ሐረርን ገና አልለመደችም። መርዶውን ስትሰማ ሌሎቹን አስተባብራ፣ ጥር ላይ ያስተማርኳትን ሁሉ አሰባስባ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ስትሠራ አረፈደች። ለሁለት ተሸክመውት ሲደርሱ ቀብሩ አልቋል፤ ጉንጉን የሚደገፍበት ሳጥንም የለም፤ ሙስሊም በሳጥን እንደማይቀበር፣ ቀብሩም እንደማይዘገይ ማንም አልነገራትም። ቀጭኑ መንገድ ላይ ከነአበባቸው ቆመው ቀሩ። «አሳፈርኩሽ» ብላ አለቀሰች። አላሳፈረችኝም፤ እንደዚያ ያማረ ጉንጉን ሠርታ አታውቅም። ሽቦውን ፈታንና አበባዎቹን ሮማኑ ሥር አኖርናቸው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ልጃቸው አስጠራችኝ። ሮማኑ ቀልቷል። ደረጃው ላይ፣ አዴ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«አሁን የሚያስተኛኝ አንድ ነገር ብቻ ነው» አለችኝ። «ሳታውቅ ነው የሄደችው። አንድም ቀን ሳትፈራ፣ አልሐምዱሊላህ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ያ ሥዕሏ አንቺ ጋ ነው አይደል? ፈልጌ አጣሁት። ክቡ ባዶውን ቀረ። ፍሬው ደርሷል፤ አንቺ ሙዪላት። ከስፌቶቿ ጋር ግድግዳው ላይ ልሰቅለው ነው።»

«እኔ ጋ ነው» አልኳት። «ለሳምንት አመጣዋለሁ።»

በኤረር በር ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። የእናቷን ሥዕል እንዳለ ብሰጣት እውነቱ የእሷ ነው፤ የእናቷ የመጨረሻ ሥራ፣ ያውም ከሁሉ የበለጠው። ግን የምታንቀላፋበትን ነገር ይወስድባታል። ያን ሁሉ ጠዋት የሳቀችው እናቷ እያወቁ እንደነበር ሲገባት ምን እንደምትሆን አሰብኩና ልቤ አልቆረጠም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የአዴን ሥዕል ፊቴ ዘርግቼ በአዲስ ወረቀት ላይ መገልበጥ ጀመርኩ፤ አበባውን፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ የሆኑትን ቅጠሎች፣ ሚያዝያ ላይ የነበረውን ብቻ። ያያችሁትን ሣሉ እያልኩ ሰው ሳስመርር የኖርኩት ሴት ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ አንድም ቅጠሉ ያልተበላ ዛፍ ሣልኩ። በየቅጠሉ አዴ ሲስቁብኝ ይሰማኛል። በግራ በኩል የመጨረሻው ቅጠል ላይ ስደርስ እንባዬ መጣና እጄ ተንቀጠቀጠ። ቀለም በላጲስ አይጠፋም፤ እንዲሁ ተውኩት። በመጨረሻ ጡጫዬን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ በእርሳስ አሰመርኩ። ክቡን መገልበጥ አላስፈለገኝም።

በሳምንቱ ግቢው ውስጥ፣ ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጣ፣ ዛፉ ላይ ያለውን ሮማን እያየሁ ክቡን ሞላሁት። ሮማኑ ሙሉ ነበር፣ ያልተሰነጠቀ። ቀለሙ ሲደርቅ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ወደ ብርሃን ያዘችው። ረጅም ጊዜ አየችው፤ የምታየው ግን ፍሬውን አልነበረም። ጣቷን በግራ በኩል ባለው የመጨረሻ ቅጠል ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ እጇ ተንቀጥቅጧል» አለችኝ። «አየሽው? ታማ ስለነበር ነው።»

«አዎ» አልኳት። «ታመው ነበር።»